ያልሰለቸችው መበለትና የታገደው አካውንት

 

የዛሬው ቃላችን ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ከቁጥር 1 እስከ 8 ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ ገልጣችሁ አንብቡት። ለሌላችሁ በራሴ አማርኛ ልንገራችሁ። በአንድ ከተማ አንድ ዳኛ ነበር። እግዚአብሔርን አይፈራም፣ ሰውንም አያፍርም። በዚያው ከተማ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ሰው በድሏታል። ገንዘብ ይሁን መሬት ይሁን መጽሐፉ አይነግረንም። እየመጣች ፍረድልኝ ትለዋለች፣ እሱ ደግሞ አሻፈረኝ ይላል። ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። መጨረሻ ላይ ዳኛው ፈረደላት፤ አዝኖላት ግን አይደለም፣ ስላደከመችው ነው። ጌታ ይህን ምሳሌ የነገረን ጸሎት እንዳናቋርጥና ተስፋ እንዳንቆርጥ ብሎ ነው።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ያ ዳኛ ክፉ ነው፣ ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ፊት ነበረው። መበለቷ ቤቱን ታውቃለች። በሩ ላይ ትቆማለች፣ ሲወጣ ታየዋለች፣ ሲገባ ትጠብቀዋለች። የእኛ ዘመን ዳኛ ግን ፊት የለውም። ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው። ስሙም «የደንበኞች አገልግሎት» ይባላል።

ነገሩን ለማታውቁት እህቶች ትንሽ ላብራራ። ዛሬ ብዙዎቻችን ደመወዛችንን በስልክ ቦርሳ ውስጥ እናስቀምጣለን። አገር ቤት ቴሌብር በ2021 ግንቦት ሥራ ከጀመረ ወዲህ እናቶቻችን እንኳ ለምደውታል፤ እዚህም እንደዚያ ዓይነት አፕ አለ። ሱቅ ሄደሽ ዶላሩን ትሰጫለሽ፣ ስልክሽ ላይ ይገባል፣ ከዚያ ለፈለግሽው ትልኪያለሽ። እሁድ ብቻ ለምትወጣ ሴት ትልቅ በረከት ነው። ማዳም ስትተኛ በሌሊት ለእናትሽ ትልኪያለሽ። ግን አንድ ቀን ትከፍችውና «አካውንትዎ ለጊዜው ተገድቧል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ገንዘቡ ይታይሻል፣ ቁጥሩ እዚያው ነው፣ መንካት ግን አትችይም። በመስታወት ውስጥ እንዳለ ዳቦ ነው።

በዚህ አገር ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። በ2019 ጥቅምት ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ባንኮች ተዘጉ። ሲከፈቱ ዶላር ያስቀመጠ ሰው ዶላሩን ማውጣት አልቻለም። በዚያን ጊዜ እኔ አዲስ ነበርኩ፣ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ማዳም ከባንክ ተመልሳ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። የአርባ ዓመት ጥሪታቸው ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ሆነ። እነሱም ስም አወጡለት፣ ዶላር ሳይሆን «ሎላር» አሉት። ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ነበር። በ2023 የካቲት መንግሥት ራሱ 15,000 አለው፣ በ2024 ደግሞ 89,500 ደረሰ። በዶላር ተዋውለን የመጣን ሠራተኞች በ2020 ደመወዛችን በሊራ ተሰጠን፣ ለብዙዎቻችንም ጭራሽ አልተሰጠንም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እህቶቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ቆንስላችን በር ላይ ተጥለው መንገድ ላይ ሲያድሩ ዓለም ሁሉ አይቷል። ስለዚህ የታሰረ ገንዘብ ምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለቤቷም ሠራተኛዋም በተራ በተራ ቀምሰውታል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ የድርጅቱንም የሰውንም። ባለፈው ጥር አንዲት እህታችን ታመመች። ፍሪ ነው የምትሠራው፣ ኢንሹራንስ የላትም። ሆስፒታሉ ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል ብሎ አስቀድማችሁ አስይዙ አለን። 19 እህቶች አዋጣን። 20 ያላት 20፣ 50 ያላት 50፣ በድምሩ 640 ዶላር ሆነ። እሁድ እሁድ እወጣለሁና ገንዘቡ በእኔ ስልክ ይግባ ተባለ። በሦስት ቀን ውስጥ ተሰበሰበ። በአራተኛው ቀን ላወጣ ስል ያ ጽሑፍ መጣ። ተገድቧል።

ደወልኩ። ሙዚቃ። ለዓረብኛ አንድን ተጫኚ፣ ለእንግሊዝኛ ሁለትን፣ ለፈረንሳይኛ ሦስትን። ሁለትን ተጫንኩ። ደግሞ ሙዚቃ። ሰላሳ ደቂቃ ጠበቅሁና ካርዴ አለቀ። በጽሑፍ ጠየቅሁ። «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄዎ ደርሶናል» አለኝ። ደስ አለኝ። ሁለተኛ ጻፍኩ፣ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ላከልኝ። ሦስተኛ ጻፍኩ፣ አሁንም ያችኑ። እህታችን በሕመም ትገላበጣለች ብዬ ብጽፍለትም መልሱ ውድ ደንበኛችን ነው። ያን ጊዜ ነው ማሽን መሆኑ የገባኝ።

በስድስተኛው ቀን ሰው መለሰልኝ። ፓስፖርትሽን፣ ኢቃማሽን፣ ገንዘቡም ከየት እንደመጣ አሳዪን አለኝ። እህቶቼ፣ ፓስፖርቴ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። የእናንተ ያለበት ቦታ ነው ያለው፣ ማዳም ካዝና ውስጥ። ስጠይቃት «ለምን ፈለግሽው? ልትጠፊ ነው?» አለችኝ። የራሴን ገንዘብ ለማግኘት የራሴን ስም ማስመስከር አለብኝ፣ ስሜ ደግሞ ሰው ቤት ተቆልፎበታል። በዘጠነኛው ቀን ሚስተር ተናግሯት ራሷ ፎቶ አንስታ ሰጠችኝ። ላክሁት። ፎቶው አይነበብም ተባልኩ። ደግሜ ላክሁ። አሁን ደግሞ የአባትሽ ስም ፓስፖርቱ ላይና ኢቃማው ላይ አንድ አይደለም አሉ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ዓረብኛ ሲገለበጥ አባቴ ሁለት ሰው ሆነ።

ለምን እንደዚህ እንደሚያጠብቁ በኋላ ላይ ገባኝ። ብዙ ሰው ወደ አንድ ስልክ ትንንሽ ገንዘብ ሲልክና ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ሲል፣ ኮምፒውተሩ የሚያስበው ሌብነት ነው። በ2024 ጥቅምት የወንጀል ገንዘብን የሚከታተለው ፋትፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ሊባኖስን በግራጫው መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። እንዲህ ሲሆን ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሁሉ መታወቂያ አጥብቆ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ዕቁብ አያውቅም። ዕድር አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ድሃ ሴቶች ለአንዲት ታማሚ ማዋጣታቸውና የወንበዴ ሥራ ለእሱ አንድ ናቸው። የፍቅር ሥራችን የወንጀል መልክ ይዞ ታየ። ያ ነው ያስለቀሰኝ።

ከዚህ የባሰ ግን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዋትስአፕ ላይ ወሬ ጀመረ። «ገንዘቡ የታለ?» «ታገደ ይባላል እንዴ?» አንዷ በግልጽ «በልታዋለች» አለች። ያኔ እኛ እትዬ የምንላት ታላቃችን በድምፅ እንዲህ ብላ ላከች፦ «እስረኛውን ጠባቂ ነው ብላችሁ አትክሰሱ። ልጅቷ ከገንዘቡ ጋር አብራ ነው የታሰረችው።» ከዚያም ወርቋን ለሚያውቃት ሱቅ በመያዣ አስይዛ ሆስፒታሉን ለመነች። ኦፕሬሽኑ በአሥራ ሁለት ቀን ዘግይቶ ተደረገ። እነዚያን አሥራ ሁለት ቀናት እህታችን በምን ሕመም እንዳሳለፈቻቸው እሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ። ማንም ግን ይቅርታ አላላትም።

እኔ የአሥራ ዘጠኙን ስምና ያዋጣነውን፣ ለምን እንደሆነም በ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ጽፌ ላክሁ። አንድ ቅዳሜ ፈቃድ ለምኜ ቢሯቸው ሄድኩ። ልጁ ይህ የእኛ ሥራ አይደለም፣ ቁጥሩ ላይ ደውዪ አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ፣ ያንኑ አለኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ስገባ ሳቅ አለና ራሱ ስልክ አንስቶ ለአለቃው ደወለ። በሠላሳ አንደኛው ቀን አንድ መስመር መጣልኝ፤ አካውንትዎ ተከፍቷል። ለምን እንደተዘጋ የለም፣ ለምን እንደተከፈተ የለም። የእትዬ ወርቅ ተመለሰ፣ የቀረው ለመድኃኒት ሆነ፣ ሒሳቡም በአሥራ ዘጠኙ ፊት ተነበበ።

እህቶቼ፣ ከዚህ በኋላ ያቺን መበለት በሌላ ዓይን አነበብኳት። ሦስት ነገር ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ መበለቷ ልመና አልነበረም የያዘችው። አስተውሉ፣ ማረኝ ወይ እዘንልኝ አላለችም። የፈለገችው ፍርድ ነው። የሚገባትን ታውቃለች። እኛ ግን ለራሳችን ነገር ስንጠይቅ እንደ ለማኝ አንገታችንን እንደፋለን። የሠራሽበት ገንዘብ ያንቺ ነው። በዘዳግም 24 ላይ የድሃ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዕለቱ እንዲሰጠው ታዟል፤ ነፍሱ እሱን ትጠብቃለችና። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮህና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ይናገራል። ገንዘባችን ታስሮ ዝም ያለ ቢመስለንም እዚያ ውስጥ ሆኖ ይጮሃል። እግዚአብሔር ይሰማዋል።

ጸሎት ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። መበለቷ ቤቷ ተቀምጣ አልጸለየችም፣ እግሯን አነሳች። ነህምያም ቅጥሩን ሲሠራ ጸለየ፣ ደግሞም ጠባቂ አቆመ። ጠዋት ተንበርክከሽ ጸልዪ፣ ከዚያ ተነስተሽ ደውዪ። የደወልሽበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገረሽን ሰው ስም፣ የሰጡሽን የጉዳይ ቁጥር በደብተር ጻፊ። ሐሙስ የተናገሩትን ማክሰኞ ሲክዱ ደብተርሽ ይመሰክርልሻል።

ሁለተኛ፣ ገንዘባችን ሲታሰር ፍቅራችን አብሮ አይታሰር። በጭንቅ ጊዜ የቅርባችንን ሰው መንከስ ይቀናል። ማሽኑን መንከስ አይቻልም፣ እህታችን ግን እጃችን ላይ ናት። «በልታዋለች» ያለችኝን እህት ይቅር ብያታለሁ፣ አሁን አብረን ነው የምንዘምረው። እሷም እኮ ያዋጣችው 30 ዶላር ለልጇ ዩኒፎርም ያሰበችው ነበር። ፈርታ ነው የተናገረችው። ስለዚህ ወሬ ከመላክሽ በፊት ሄደሽ ጠይቂያት። ማቴዎስ 18 ላይ ጌታ ያስተማረን መጀመሪያ አንቺና እሷ ብቻችሁን ሆናችሁ እንድትነጋገሩ ነው፣ በግሩፕ አይደለም።

ስልኩን ለሚያነሳው ልጅም እንዲሁ። እሱም ተቀጣሪ ነው። የሚያነበው የተሰጠውን ወረቀት ነው፣ ከበላዩም የእሱ «ማዳም» አለች። እኛ በሰው ቤት ያልሰበርነው ብርጭቆ ሲጮህብን እንዴት እንደሚያም እናውቃለን፤ ታዲያ ያላገደውን አካውንት ለምን ብለን እንሰድበዋለን? መጽሐፉ መበለቷ ተሳደበች አይልም። መጣች ነው የሚለው፣ ደግማም መጣች።

ቁጣው እንደሚገባኝ ግን ልንገራችሁ። በ2022 መስከረም 14 እዚሁ ቤይሩት ውስጥ አንዲት ሊባኖሳዊት የመጫወቻ ሽጉጥ ይዛ ባንክ ገብታ የራሷን 13,000 ዶላር ያህል አስወጣች፣ ካንሰር ለያዛት እህቷ ማሳከሚያ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሎችም በየባንኩ እንዲሁ አደረጉ። ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው። እኔ ልፈርድባት አልችልም፣ የታመመ ሰው አስታምሜያለሁና። የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ድምፃችንን እንኳ ከፍ ብናደርግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀታችን ነው። ስለዚህ የእኛ መሣሪያ የመበለቷ መሣሪያ ነው፤ መመላለስ፣ መጻፍ፣ ብቻ አለመሆን።

ሦስተኛ፣ ይህ ዋናው ነው፣ እግዚአብሔር እንደዚያ ዳኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምሳሌውን እናጣምመዋለን፤ እግዚአብሔርን ካልነዘነዝነው የማይሰማ እናስመስለዋለን። ጌታ ግን የሚለን ተቃራኒውን ነው። ክፉው ዳኛ እንኳ ሰምቶ ከፈረደ፣ የሚወደን አባት ምን ያህል አብልጦ ይሰማን!

አጋርን አስቡ፣ ዘፍጥረት 16። ከአገሯ ወጥታ በሰው ቤት የምታገለግል ሴት ነበረች፣ እንደ እኛ። በዚያ ምዕራፍ አብራምና ሦራ ስለ እሷ ሲነጋገሩ አገልጋይ ይሏታል እንጂ አንድ ጊዜም በስሟ አይጠሯትም። በምድረ በዳ በምንጭ አጠገብ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ግን አጋር ብሎ በስሟ ጠራት። ከየት መጣሽ፣ ወዴትስ ትሄጃለሽ ብሎ ጠየቃት፣ መልሷንም ጠብቆ ሰማ። ፓስፖርት አልጠየቃትም። የአባቷን ስም ከወረቀት ጋር አላመሳከረም። እሷም እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ ብላ ጠራችው። እህቴ፣ ስምሽ በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ይሆናል። በሰማይ ያለው ግን አንድ ነው፣ አልተሳሳተም። እዚያ ለማነጋገር ቁጥር አይጫኑም፣ ካርድም አያልቅም።

ታዲያ የሚያየን አምላክ ካለ፣ እኛም እርስ በርሳችን እንተያይ። ስለዚህ በኅብረታችን የተነጋገርነውን እጽፍላችኋለሁ፤ ቆርጣችሁ አስቀምጡት።

ስልክ ላይ ስትመዘገቢ ስምሽን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስገቢ። የፓስፖርትሽንና የኢቃማሽን ጥርት ያለ ፎቶ አንድ ስልክሽ ላይ፣ አንድ ደግሞ ለምታምኛት እህት ልከሽ አስቀምጪ። ፓስፖርትሽ ካንቺ ጋር መሆን የሚገባው ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አደረጋት። በ2020 መስከረም የሥራ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ የሚል አዲስ ውል አውጥቶ ነበር፤ በጥቅምት የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። እንግዲህ የታገደው አካውንት ብቻ አይደለም። ቢሆንም ማዳምን በትሕትና «ፎቶ ብቻ ላንሳ» ማለት ይቻላል፣ ብዙዎችም ይፈቅዳሉ።

ለታማሚ ወይም ለዕቁብ ስታዋጡ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፋችሁ ሁለት ሆናችሁ ፈርሙ። ገንዘቡንም ሁሉ በአንድ ስልክ አትክተቱት። ከየት እንደመጣ ሲጠይቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ማዋጣት ወንጀል አይደለም።

ይህን ደግሞ አስምሩበት፤ አካውንት ሲታገድ ጅቦች ይወጣሉ። «ከደንበኞች አገልግሎት ነው የምደውለው፣ በመልእክት የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝና እከፍትልሻለሁ» የሚል ሰው ከደወለ ሌባ ነው። ያንን ቁጥር ለማንም አትንገሪ፣ በአማርኛ ቢያወራሽም፣ በጌታ ስም ቢምልልሽም።

ገንዘቧ የታሰረባት እህት ካለች እሁድ ከጸሎት በኋላ ትምጣ። ዓረብኛ የሚችሉ ሁለት እህቶች አብረዋት ይደውላሉ፣ አብረዋት ቢሮ ይሄዳሉ። መበለቷ ብቻዋን ነበረች፤ አንቺ ብቻሽን አይደለሽም።

የሚያየን አምላክ፣ የአጋር አምላክ፣ የተከለከለውን ደመወዛችንን ይስማ። የተዘጋውን ይክፈት፤ እስኪከፍትም ልባችንን ከምሬት ይጠብቅ። ስለታመመችው እህታችን ጸልዩ፣ ቁስሏ እየዳነ ነው፣ ሥራ ግን ገና አልጀመረችም።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት። እሁድ ለማትወጣዋ ጎረቤታችሁ በበረንዳ በኩል አቀብሏት።

በጌታ እህታችሁ፣ ከምካሌስ።